ከማንደፍሮ ጋር በአንድ ጆይስቲክ

ባለፈው የካቲት ዓይኔን ልታይ ጎንደር ካለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ካርድ ከምታወጣው ልጅ ጋር ስለ ተራዬ ጥቂት ተነጋግሬ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥሁ፣ ከጎኔ ያለች ሴት ፊቷን ሳይሆን ጆሮዋን ወደ እኔ አዘነበለች። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራው ነጭ ሆኖ ይታያል። የካርዷን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ፣ "መምህር አስረስ አይደሉም?" አለችኝ። ነኝ አልኋት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያቆሙኝ የድሮ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ስማቸውን እንደማስታውስ ሆኜ ጥቂት ተጫውቼ አልፋለሁ። ይቺ ግን በዕድሜዋ ተማሪዬ የምትሆን አልነበረችም። "በድምፅዎ ነው ያወቅሁዎ" አለች። "ባንቺአየሁ ነኝ፤ የማንደፍሮ ባለቤት። የሸሕዲው፣ የጌም ቤቱ።"

ማንደፍሮ የሚለውን ስም ከሰማሁ ስንት ዓመቴ። መልኩ ቶሎ አልመጣልኝም። ቀድሞ የመጣው የዚያ ቤት ሽታ ነው፤ የጋለ ፕላስቲክ፣ ከጎረቤት ጎሚስታ የሚመጣ የጎማ ማጣበቂያ፣ ከመንገዱ ማዶ መጋዘን የሚነፍስ የአዲስ ሰሊጥ ሽታ፣ ሦስቱም አንድ ላይ። ባንቺአየሁ ተራዋ እስኪደርስ ድረስ ያወራችኝን ኋላ ላይ እጽፈዋለሁ። አስቀድሜ ያን ዘመን ካልተናገርሁ እሷ የነገረችኝ ነገር ክብደቱ አይታወቅም።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ዓመቱን አስተካክዬ ብናገር ደስ ባለኝ፤ እኔ ግን የጠረፏን ከተማ የሸሕዲን ዓመታት የማስታውሳቸው በሰሊጥ ዋጋ ነው፤ ያን ጊዜ ሰሊጥ ተወዶ ነበር። ከጎንደር የሚወርደው አውቶብስ በአቧራ ተለውሶ መናኸሪያው ሲገባ፣ ማጭዳቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ፣ አረንጓዴ ቁምጣ የለበሱ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ የጎጃምና የወሎ ልጆች ይወርዱበታል። ባገሩ ሳሉግ ይሏቸዋል፤ ለአረም ወርደው እስከ አጨዳ የሚቆዩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ደላላው እዚያው በር ላይ ይከፋፍላቸውና ግማሹ በትራክተር ተሳቢ ወደ ሽንፋ፣ ግማሹ በጭነት መኪና ወደ አብርሃ ጅራ ይጫናል። ከወራት በኋላ የተረፉት ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነው። ጥቁር መነጽር፣ ኪሱ የበዛ ጂንስ፣ ከሱዳኗ ገላባት የተገዛ ሽቶ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ሬዲዮ። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ በፌስታል የታሰረ በረዶ ውሃ ሃያ አምስት ሳንቲም። ከሻይ ቤቶቹ የሱዳን ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይሰማል፤ ቫዮሊኑ ይንቀጠቀጣል፣ ዘፋኙ አንዲቱን ቃል ደጋግሞ ይጎትታታል። ትርጉሙን ሳላውቅ ዜማው እስካሁን አፌ ላይ አለ፤ ልብሴን ሳጥብ አንጎራጉረዋለሁ።

እኔ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ባለቤቴና ሁለት ሴት ልጆቼ ጎንደር፣ እኔ ሸሕዲ፣ በአንዲት ቆርቆሮ ክፍል። በየዓመቱ የዝውውር ቅጽ እሞላለሁ፣ በየዓመቱ ስሜ ሳይወጣ ይቀራል። ለገና ቤቴ ስሄድ ትንሿ ልጄ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ ነበር የምታየኝ። ይህን የምጽፈው ኋላ ለሠራሁት ነገር ሰበብ ይሁነኝ ብዬ አይደለም። ነገሩ የተሠራው ግን በዚያ ልብ ነው።

ማንደፍሮ ቤት መጀመሪያ የገባሁት ተማሪ ላስወጣ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ፣ አንድ ሰው ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ የኳስ ጌም ማሽን አምጥቶ ከፍቷልና ልጆቹ ከክፍል እየጠፉ ነው ተባለ። የክፍል ኃላፊ ስለሆንሁ ሂድ ተባልሁ፤ ሄድሁ። በሩ ላይ የተሰቀለውን መጋረጃ ገልጬ ስገባ አራት ልጆች በጓሮ በኩል ወጥተው ሮጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጨዋታው ተጫዋች አጥቶ ቆሞ ቀረ፤ በጨዋታው ውስጥ ያለው ጃፓናዊ ኳስ አስተላላፊ ግን ማንም የማይሰማውን ወሬ ያወራል። ባለቤቱ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ቀጭን፣ ጠይም፣ ከእኔ ስድስት ሰባት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። "መምህር፣ ዩኒፎርም የለበሰ አላስገባም፤ በሩ ላይም ጽፌያለሁ። ዩኒፎርሙን ጎሚስታው ጋ እያወለቁ ነው የሚመጡት" አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም በጠመኔ የተጻፈ አለ፤ "ዩኒፎርም የለበሰ አይገባም። ቁማር ክልክል ነው።" ሆሄው የተዛነፈ ቢሆንም ይነበባል።

ከቀትር በኋላ ነበር። ሸሕዲ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳን አትንቀሳቀስም። ተቀመጡ አለኝ፤ እግሬም መውጣቱን አልወደደምና ተቀመጥሁ። በረዶ ውሃ ሰጠኝ። ቤቱ ውስጥ ያለችው አንዲት ቬንትሌተር የምትነፍሰው ወደ ሰው አይደለም፤ ወደ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ደግሞ ተገልብጦ በጀርባው ተኝቷል። ለምን ተገለበጠ ብዬ ብጠይቀው፣ ሌንሱ ስለደከመ ካልተገለበጠ ሲዲ አያነብም አለኝ። ያን ጊዜ ነው ቀኝ እጁን ያየሁት። አውራ ጣቱና ጠቋሚው የሉም። ገዳሪፍ አካባቢ ባለ እርሻ የማሽላ መውቂያ ላይ ሲሠራ የሚሽከረከረው ቺንጋ ጣቶቹን እንደወሰደበት፣ ባለእርሻው ካሳ ብሎ በሰጠው ገንዘብ ይህን ማሽን እንደገዛ፣ ማንም ሳይጠይቀው የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው በዝግታ ነገረኝ። አንድ ጌም አንድ ብር ያስከፍላል፤ የተሸነፈው ይከፍላል። እሱ ራሱ ግን በዚያ ማሽን ተጫውቶ አያውቅም። ቁልፎቹ በሙሉ የቀኝ አውራ ጣት ሥራ ናቸው።

ስወጣ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጨዋታው ሲጀምር አገር የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ ባንዲራዎች ተደርድረው ይታያሉ። ማንደፍሮ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ነው፤ የዓለምን ባንዲራ ግን ከዚያ ላይ ለቅሞ ጨርሶታል። "መምህር፣ ፓራጓይ የምትባለው ወዴት ነች?" አለኝ። ደቡብ አሜሪካ ነች፣ በብራዚልና በአርጀንቲና መካከል አልሁት። "ባሕር አላት?" የላትም። "እንደ እኛ ነች እንግዲህ" አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ ቡድን ፓራጓይ ሆነች።

በማግስቱም ሄድሁ። ስለ ተማሪዎቹ ልጠይቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። በሦስተኛው ቀን ምንም አላልሁም። የጠዋቱ ፈረቃ አልቆ የከሰዓቱ እስኪጀምር ያለው የሙቀት ሰዓት ነው፤ ቤቱ ባዶ ይሆናል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ባንቺአየሁ ልጆቿን ጓሮ ካለው ዳስ ሥር ታስተኛለች። ማንደፍሮ ጆይስቲኩን አቀበለኝና ያስተምረኝ ጀመር። ኤክሷ ለቅብብል፣ ካሬዋ ለምት፣ ክቧ ለረዥም ኳስ፣ ሦስት ማዕዘኗ በተከላካዮች መሐል ለምታልፈው። የቁልፎቹ ምልክት በላብ ተፍቆ ጠፍቷል፤ እሱ ግን ካለበት ሆኖ በቃል ይመራኛል። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። አንዱን ስጫን ሌላው ይመጣል፣ ሮጥሁ ስል ቆሜ እገኛለሁ። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፤ የጆይስቲኩን ግራ ጎን በግራ እጁ ያዘው። "እኔ ላስኪዳቸው፤ እርስዎ ይምቱ" አለኝ።

እንዲህ ነው የተጫወትነው። ሁለት ጎልማሶች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ አንዲት ጆይስቲክ በመካከላችን፣ እሱ በግራ እጁ ተጫዋቾቹን ይመራል፣ እኔ በቀኜ እሰጣለሁ፣ እመታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ማሽኑ በሰባትና በስምንት ጎል ይጥለን ነበር። እሱ ወደ ግራ ሲዞር እኔ ወደ ቀኝ እሰጣለሁ። ከጊዜ በኋላ ግን የእጁ አያያዝ ይገባኝ ጀመር። አንጓው ጠንከር ሲል መስመሩን ይዞ ሊሮጥ ነው፤ ላላ ሲል ወደ ውስጥ ሊገባ ነው። ንግግር አያስፈልገንም ነበር። ፓራጓይ ብራዚልን ያሸነፈች ዕለት ማንደፍሮ አልጮኸም፤ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀምጦ፣ በሸሚዙ ጫፍ ፊቱን ጠረገ። "እጄ ከተቆረጠ ወዲህ አንድ ነገር ሠራሁ" አለ። ከዚያ ተነሥቶ ለሁለታችንም ሻይ ሊያመጣ ወጣ።

በዚያ ጨዋታ ውስጥ የቡድንን ስም የሚለውጡበት ቦታ ነበር። ኢትዮጵያ ስለሌለች ከማይመረጡት አንዱን ቡድን ስሙን ሰርዘን ሸሕዲ አልነው። ፊደሉ የፈረንጅ ስለሆነ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ስሞቹን የሚነግረኝ እሱ። በር ጠባቂው ጎሚስታው ሆነ። ተከላካዮቹ ገዳሪፍ አብረውት ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ በሕይወት እንደሌሉ ስማቸውን ስጽፍ ነው የነገረኝ። ዘጠኝ ቁጥርን "መምህር" ይበሉት አለኝ። አሥር ቁጥርን ለራሱ ወሰደ። ከሁሉ አጥብቆ ያስጠነቀቀኝ፣ የአሥር ቁጥሩ ፍጥነት እንዳይበዛ ነው። "እኔ ያን ያህል አልሮጥም፤ ሰው ይስቅብኛል" አለኝ።

ዛሬ ጎንደር ላይ ወጣቶች ያንኑ ጨዋታ በስልካቸው ሲጫወቱ አያለሁ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ልጅ ሲጫወት ጃፓናዊው ድምፅ ሲወጣ ሰምቼ አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ ልጁ ሊሰርቀኝ ነው ብሎ ስልኩን ወደ ጉያው አስገባው። እንዴት ብዬ ላስረዳው።

ነገሩ የተበላሸው በአጨዳ ሰሞን ነው። አቶ ፈንታሁን የሚባል ትልቅ ባለእርሻ ነበር፤ ትምህርት ቤቱን በአጥርም በቆርቆሮም የረዳ፣ ወላጅ ኮሚቴው ውስጥ ቃሉ የሚሰማ ሰው። አሥረኛ ክፍል ያለ ልጁ ከትምህርትም ከቤትም ጠፋና በአራተኛው ቀን መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ወደ ሱዳን የሚያወጣውን ድልድይ ሊሻገር ሲል ተይዞ መጣ። አባትየው ጌም ቤቱ ነው ልጄን ያበላሸው አለ። እኔ የልጁ የክፍል ኃላፊ ነኝ። እውነቱን አውቃለሁ። ልጁ ማንደፍሮ ቤት ድርሽ ካላለ ሦስት ወሩ ነበር፤ በገንዘብ ሲወራረድ ይዞ ያባረረው ማንደፍሮ ራሱ ነው፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ አይቻለሁ። ግን አይቻለሁ ካልሁ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው መምህሩ እዚያ ምን ይሠራ ነበር ነው። በሙቀቱ ሰዓት የት እንደምውል ወሬ እንደተጀመረ ሰምቻለሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ አንዱ "ፓራጓይ እንዴት ዋለች?" ብሎኝ ሌሎቹ ጎንበስ ብለው ሲስቁ አይቻለሁ።

ዳይሬክተራችን ቢሮው አስጠራኝ። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል። ተማሪዎችን ለቁማርና ለስደት የሚዳርግ ቤት ስለሆነ እንዲዘጋልን፣ ይላል። ከሥሩ አሥር የሚሆን የፊርማ መስመር አለው፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ስም ተጽፏል። ሰውየው ቁማር እንኳን አይፈቅድም አልሁት። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "የክፍሉ ኃላፊ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ካልፈረሙ ሌላው አይፈርምም" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ መሳቢያውን ከፈተና የእኔን የዝውውር ቅጽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከደብዳቤው ጎን አስቀመጠው። "ይህንም ዘንድሮ በድጋፍ ደብዳቤ እንልከዋለን" አለ። አላስፈራራኝም፣ አልቆጣኝም። የመስኮቱ መዝጊያ በንፋስ ይንኳኳ ነበር፤ ተነሥቼ ዘጋሁትና ተመልሼ ፈረምሁ።

ቤቱ የተዘጋ ቀን ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ሁለት ሚሊሻና አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰው መጥተው ማሽኑንና ቴሌቪዥኑን በጋሪ ጭነው እንደወሰዱ፣ ማንደፍሮ ማሽኑ እንዳይንገጫገጭ ከሥሩ የራሱን ጋቢ እንዳነጠፈለት ጎሚስታው ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በገበያው ዞሬ ሆነ።

ከሳምንት በኋላ ማንደፍሮ ቤቴ መጣ። ሰምቷል አልሁ። እሱ ግን ሁለት ነጠላ ወረቀትና አዲስ እስክሪብቶ ይዟል። "መምህር፣ ማመልከቻ ይጻፉልኝ። የእኔ ጽሑፍ ሰው ያስቃል" አለኝ። አስቀመጥሁት፤ ጻፍሁለት። የአካል ጉዳተኛ እንደሆነ፣ ሁለት ልጆች እንዳሉት፣ ቤቱ ውስጥ ቁማር እንደማይፈቅድ፣ በትምህርት ሰዓት እንደማያስገባ፣ አሳምሬ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍሁለት። ስጨርስ፣ "ቁማር እንደሌለ መምህር አስረስ ያውቃሉ ብለው ይጨምሩበት" አለኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሰዓቱም፣ ቦታውም፣ ሁለታችንም ብቻችንን መሆናችንም ተሟልቶ ነበር። እሱ ዝም ማለቴን ቃል እየፈለግሁ መሰለው መሰለኝ፣ እንዳይረብሸኝ ብሎ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። እኔም "ማመልከቻ ላይ የምስክር ስም አይገባም፤ ደንቡ አይፈቅድም" አልሁት። አመነኝ። ፊደል የማውቀው እኔ ነኝና። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ፣ በግራ እጁ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወጣ። ያ የመጨረሻችን ነው።

ክረምት ሲገባ ዝውውሬ ወጣ። ሸሕዲን ማንንም ሳልሰናበት ለቀቅሁ። ጎንደር ገባሁ፣ ልጆቼን አሳደግሁ፣ ትንሿም ከቀሚስ ጀርባ መደበቅ ተወች፤ አሁን እሷ ራሷ እናት ናት። ማንደፍሮን ሳስብ ማመልከቻው ሠርቶለት ይሆናል እላለሁ፤ ወይም ገዳሪፍ ተመልሶ ሌላ ማሽን ገዝቶ ይሆናል እላለሁ። ሸሕዲ የሚሄድ ሰው ሳገኝ ግን ስለ እሱ ጠይቄ አላውቅም።

እንግዲህ ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ባንቺአየሁ የነገረችኝ ይህን ነው። ማንደፍሮ የጻፍሁለትን ማመልከቻ ይዞ ወረዳ ሲሄድ የሚያስተናግደው ሰው የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አወጣና አነበበለት፤ የመጀመሪያውን ፊርማም ስሙን ጠርቶ አሳየው። ማንደፍሮ ይህ ሐሰት ነው አለ። መምህሩን አውቃቸዋለሁ፣ ይህን ማመልከቻ በእጃቸው የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው፣ እጅ ጽሑፉን አስተያዩት፣ ፊርማውን ሌላ ሰው ነው የፈረመበት አለ። ተው ቢሉት አልተውም አለ። ሐሰተኛ ፊርማ ይዛችሁ ቤት ዘጋችሁ እያለ ሰው እስኪሰበሰብ ተከራከረ፤ ጽሕፈት ቤት ደፈርህ ተብሎ ሁለት ቀን ታሰረ። ማሽኑ ሊመለስለት የነበረ ቢሆን እንኳ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጠፋ። ጓደኞቹ መምህሩን ሂድና ጠይቀው ሲሉት፣ ይህን ብጠይቃቸው ያፍሩብኛል ብሎ እንቢ አለ።

ከዚያ ከሽንፋ ወዲያ ያለ የሰሊጥ እርሻ ላይ ጥበቃ ተቀጠረ። ባንድ እጁ ዱላ መያዝ ስለሚችል ነው የተቀበሉት። ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር እያደረ ሁለት ዓመት ሠራ። ሁለተኛው ክረምት ላይ ትኩሳት ያዘው፤ ወባ ነው ብሎ ኪኒን ገዝቶ ዋጠ። ተሻለኝ ሲል ይመለስበታል። ሰውነቱ እየቀጠነ ሆዱ እያበጠ ሄደ። አብረውት የሚሠሩት ሰዎች የቆላው በሽታ፣ ካላዛር ነው ብለው ሐኪም ቤት ሊያደርሱት ሲነሡ ዝናቡ ጥቁሩን መሬት ማጥ አድርጎታል፤ መኪና አይገባም። በትራክተር ተሳቢ ላይ ጫኑት። ትራክተሩ እየሰጠመ፣ እየተጎተተ፣ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ሸሕዲ ሲደርስ ባንቺአየሁ መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ ፊቱን አይታ አወቀች። ልጆቿን መናኸሪያው በር ላይ ሻይ እየሸጠች አሳደገች። አገሩ ሲደፈርስ ጊዜ ወደ ጎንደር ወጣች፤ አሁን ትልቁ ልጇ ጋ ናት።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔ መሬት መሬት አያለሁ፤ እሷ እንደማታየኝ አውቃለሁ፣ ግን ቀና ማለት አልቻልሁም። ከዚያ ወረቀቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ "መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አሁን የሚያመጣው ነገር የለም፤ ለማወቅ ያህል ነው" አለች። እሽ አልኋት።

"ፈርመው ነበር?"

አጠገባችን ብዙ ሰው ነበር። አንዱ ሽማግሌ ያስላል፤ የካርድ ክፍሏ ልጅ ቁጥር ትጠራለች። አልፈረምሁም ብላት ማን ያውቅ ነበር። ደብዳቤው በስብሷል፣ ዳይሬክተሩ ሞቷል፣ ማንደፍሮ ራሱ አልፈረሙም ብሎ እስር ቤት ገብቶ መስክሮልኛል። ለአፍታ እንደዚያ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"ፈርሜያለሁ" አልኋት። "መጀመሪያ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ማመልከቻውን ስጽፍለትም ፈርሜ ነበር።"

ካርዷን በጣቶቿ እየዳበሰች ጠርዙን አስተካከለች። ልትቆጣኝ፣ ልትረግመኝ ጠበቅሁ፤ ያን ጊዜ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር።

"እንኳን ሳይሰማ ሞተ" አለች።

ወዲያው ቁጥሯ ተጠራ። ተነሣች። የሐኪሙ ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነውና ልምራሽ ብዬ ተነሥቼ ክንዷን ያዝሁ። ቀስ አድርጋ እጄን ከክንዷ ላይ አነሣችው። "ግድየለም፣ ይቀመጡ" አለችኝና በቀኝ እጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ አንድ አንድ እርምጃ እያለች ብቻዋን ሄደች።